የእድራችን ማኅተምና ቃለ ጉባኤ በምሥረታው ዓመት አልተስማሙም፤ ታሪኩን እንዴት እንጻፈው?

ጥያቄ፦ የሳጥኑ ጸሐፊ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን፣ በእድሩ ለጸሐፊነት የተመረጥኩ የመጀመሪያዋ ሴት መሆኔን የነገሩኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የእድሩ ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ለአባላት እንዲታደል ተወሰነና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። «መዝገቡ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አለልሽ፤ ያንቺ ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው» ተባልኩ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ሲሆን፣ አንዱን ቁልፍ ሰብሳቢው፣ አንዱን ገንዘብ ያዡ፣ አንዱን እኔ ስለምንይዝ ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። በውስጡ ሁለት የቃለ ጉባኤ መዝገቦች፣ ሦስት የወርሃዊ መዋጮ መዝገቦች፣ አንድ የገቢና ወጪ መዝገብ፣ በሲባጎ የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል፣ የእድሩ ዕቃ የተዘረዘረበት ደብተርና ከቀበሌ የመጡ ጥቂት ደብዳቤዎች አገኘን። ከሁሉ በታች የነበረው የመዋጮ መዝገብ የጣሪያ ፍሳሽ ስላገኘው ቅጠሎቹ በከፊል ተጣብቀዋል።

የተቸገርኩበት ይህ ነው። የእድሩ ማኅተም ዙሪያው ላይ «የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም.» ይላል፤ ሽማግሌዎቹም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ግን የተጻፈው ኅዳር 7 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሚጀምረውም እስካሁን በቃል ሲረዳዱበት የቆዩት ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዝገብ እንዲሆን መስማማታቸውን በመግለጽ ነው። የመጀመሪያ ንብረታችን የሚባለው ድንኳን የተገዛበት ደረሰኝ ደግሞ ቀኑ 12/3/72 ነው። ሦስት ወረቀት ሦስት ዓመት ሰጠኝ።

ሁለተኛው ነገር ከ1967 ክረምት እስከ 1971 ድረስ አንድም ቃለ ጉባኤ አለመኖሩ ነው። ሽማግሌዎቹ «በደርግ ጊዜ እድሩ ተዘግቶ ነበር» ይላሉ፤ የመዋጮ መዝገቡ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየወሩ ተሞልቷል። በ1966 ዓ.ም. 84 የነበረው ከፋይ በ1970 ዓ.ም. በአንዳንድ ወራት ወደ 59 ወርዷል። ይህን ቁጥር አይቼ «በቀይ ሽብር ምክንያት አባላት ተበታተኑ» ብዬ ጻፍኩና እርግጠኛ ስላልሆንኩ ሰረዝኩት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ከብዶኛል። በዚያው በ1970 ዓ.ም. መዝገብ ላይ የአንድ አባል ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ በኅዳጉ «ወጪ የለም» ተብሏል። በመዝገባችን አባል ሲሞት ለቀብር የተከፈለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ የቆመበት ቀንና የዕቃው ወጪ ሁልጊዜ ይጻፋል፤ በዚህ ስም ግን ከሁለቱ ቃላት በቀር ምንም የለም። የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ወሬ ይቀይራሉ። ቤተሰቡ ዛሬም እዚሁ ከተማ ይኖራል።

በ1980ዎቹ የተጻፈ አንድ ቃለ ጉባኤም የያኔው ገንዘብ ያዥ ሒሳብ አጉድሏል ይላል፤ የሰውየው ልጆች አሁን አባላት ናቸው። ኮሚቴው ይህን ሁሉ ትቼ የምሥረታውን ታሪክ፣ የሰብሳቢዎቹን ስም ዝርዝርና ፎቶግራፎች ብቻ እንዳቀርብ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ብትኖሩ፣ እርስ በርሱ ከማይስማማ መዝገብ እንዴት አድርጎ ታሪክ እንደሚወጣ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የድሮ መዝገብ ቤት

ልጄ፣ መልካም ሥራ ይዘሻል። እኔ በዚህ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ፤ ወረቀቱ ከተበላሸ የምትጽፊው ታሪክም አይኖርሽም።

የተጣበቀውን መዝገብ በጉልበት አትግለጪው፤ ፀሐይ ላይም አታስጪው፤ ፀሐይ ወረቀቱን አጥፎ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ፣ በሚለቁት ቅጠሎች መካከል ጽሕፈት የሌለበት ነጭ ወረቀት እያስገባሽ በየቀኑ ቀይሪው። ጋዜጣ አታስገቢ፤ ቀለሙ ይጋባል። የማይለቀውን ቅጠል ባለሙያ እስኪገኝ ተዪው። በቀለም ብዕር የተጻፈውን እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ላሚኔትም አታስደርጊ፤ ፕላስተሩ በጥቂት ዓመት ይበጫና ሙጫው ጽሕፈቱን ይዞ ይነሣል። የዛገ እስፒል ካለ ቀስ ብለሽ አውጪው። የሐይቅ ዳር ከተማ እርጥበት ስለማያጣት ሳጥኑ መሬት ላይም ግድግዳ ተጠግቶም አይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺው፤ ባዶ ገጽም ሳይቀር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ የወረቀቱን ቅደም ተከተል አታፍርሺ። በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ትጉ ልጅ ተመድቦ መጣና፣ ለማስተካከል ብሎ በየዶሴው የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ አውጥቶ በዓመተ ምሕረት ደረደረው። ሲታይ ያምር ነበር። ነገር ግን አቤቱታው ከመልሱ ተለየ፤ ኃላፊው «ይፈጸም» ብሎ የመራበት ብጣሽ ወረቀትም ከደብዳቤው ተነጥሎ ለብቻው ቀረ። ከዓመት በኋላ አንድ ሠራተኛ የደረጃ እድገቱ ለምን እንደታገደ ሲጠይቅ፣ መታገዱን የሚናገረውን ደብዳቤ አግኝተን ምክንያቱን ግን ልናገኘው አልቻልንም። ስለዚህ በደረሰኞቹ ላይ ያለውን ሲባጎ ከመፍታትሽ በፊት እንደታሰረ ፎቶ አንሺው፤ ከፈታሽውም በኋላ በእርሳስ፣ ከኅዳጉ ጥግ ላይ፣ በቀጭኑ ቁጥር ስጪው።

ቀናቸው የጠፋ ደብዳቤዎች ካሉሽ ራስጌና ግርጌያቸውን እይ። «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ራስጌ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ወይም «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ከተባለ ዘመኑን ራሱ ነገረሽ። «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚለው ደግሞ ከ1980 እስከ 1983 ነው። «ግልባጭ» በሚለው ሥር የተዘረዘሩትን መሥሪያ ቤቶችም ጻፊያቸው፤ ያንቺ ወረቀት ቢጠፋ ሌላው እዚያ ይኖር ይሆናል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር

እኅቴ፣ ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ አስቀምጠውታል። የሰረዙት ዐረፍተ ነገር ላይ እመለስበታለሁ፤ በመጀመሪያ የምሥረታውን ዓመት ልውሰድ።

እያንዳንዱ ወረቀት የተጻፈው ለእኛ ታሪክ ለመንገር ሳይሆን ያኔ ለነበረ ጉዳይ ነው። ማኅተም የሚቀረጸው ደብዳቤ ለማተም ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው የተስማሙትን ነገር በኋላ እንዳይክዱ ነው፤ ደረሰኝ የሚቆረጠው ገንዘብ ላወጣው ሰው መተማመኛ ነው። ስለዚህ «ከሦስቱ የትኛው እውነት ነው?» ከማለትዎ በፊት «እያንዳንዱ መቼ፣ ለምን፣ በማን ተሠራ?» ብለው ይጠይቁ። ማኅተሙን ወረቀት አድርገው ቆጥረውታል፤ ማኅተም ግን ዕቃ ነውና ተገዝቷል፣ ከተገዛም ወጪ ተመዝግቧል። የገቢና ወጪ መዝገቡ ላይ የማኅተም ማስቀረጫ የሚል መስመር ይፈልጉ። ማኅተሙ የተቀረጸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሆነ ጠንካራ ምስክር ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሆነ ግን የያኔ ሰዎች ትዝታ እንጂ የምሥረታው ወረቀት አይደለም።

የድንኳኑ ደረሰኝ ቀን በሁለት መንገድ ይነበባል። 12/3/72 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1972 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ማርች 12 ቀን 1972 ሲሆን ይህም መጋቢት 3 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ነው። ሁለቱ ንባቦች በስምንት ዓመት ገደማ ይራራቃሉ። በንጉሡ ዘመን ትልልቅ የንግድ ቤቶች ደረሰኛቸውን በፈረንጅ ቀን የሚቆርጡበት ጊዜ ስለነበረ፣ የሻጩን ራስጌ ቋንቋ ይዩ፤ ከዚያም በሁለቱም ወራት የገቢና ወጪ መዝገቡን ይክፈቱ። ገንዘቡ የወጣው በአንደኛው ብቻ ነው።

ከእድሩ ሳጥን ውጭም የሚፈለግ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ስለ ማኅበራት ከደነገገ በኋላ፣ በ1959 ዓ.ም. በወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 321 መሠረት ማኅበራት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲመዘገቡ ተደርጎ ነበር። ብዙ እድሮች ሳይመዘገቡ ኖረዋል፤ የእናንተ ተመዝግቦ ከነበረ ግን ማመልከቻው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማለፉ አይቀርም። በዚያ ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ስለነበረች፣ የባሕር ዳርን ነገር ባሕር ዳር ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

«ተመሠረተ» የሚለው ቃል ራሱም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ከተማችን ያለውን ዩኒቨርሲቲ ይመልከቱ፤ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፣ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ፣ ሁለቱን ያጣመረው ዩኒቨርሲቲ የተባለው ግን በ1992 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም ቀኖች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በእናንተም እድር ሰዎች መረዳዳት የጀመሩበት፣ መጻፍ የጀመሩበትና ማኅተም የያዙበት ጊዜ ሦስት የተለያዩ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱንም ከነምስክራቸው ቢጽፉ አንባቢ አይደናገርም።

አሁን ወደ 59 ከፋዮች ልምጣ። ዐረፍተ ነገሩን መሰረዝዎ አስደስቶኛል። ቁጥር ወርዶ ስናይ ስለ ዘመኑ አስቀድመን የምናውቀውን ነገር ምክንያት አድርገን የመለጠፍ ልማድ አለን፤ እኔም ወጣት ሳለሁ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ በሌሎቹ ዓመታት በተመሳሳይ ወር ስንት ሰው እንደከፈለ ይቁጠሩ። በባሕር ዳር ብዙው አባል የወር ደመወዝተኛ ካልሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ እጅ ስለሚያጥር መዋጮ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ውዝፉ ይገባል። ቅነሳው ይህን የክረምት መልክ ከያዘ የሚነግርዎት ስለ ኑሮ ነው። ከዚህ መልክ ከወጣ ነው ሌላ ምክንያት የሚፈለገው፤ ያኔም ገንዘብ ያዡ መቀየሩን፣ የእጅ ጽሕፈቱ መለወጡን ይዩ። ሰነፍ ገንዘብ ያዥ በመዝገብ ላይ የሕዝብ ስደት ሊመስል ይችላል።

ቃለ ጉባኤ አለመኖሩም እድሩ መዘጋቱን አያሳይም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎቹ፣ የተቋቋሙት በዚሁ አዋጅ ነው። የእናንተ ቃለ ጉባኤ የተቋረጠውም በዚያው ክረምት መሆኑ እንዲያው ገጠመኝ አይመስለኝም። ገንዘብ እየተሰበሰበ ስብሰባ ያልተጻፈበት ዓመት፣ ስብሰባ ያልተደረገበት ወይም የተደረገው እንዳይጻፍ የተፈለገበት ዓመት ነው። ሽማግሌዎቹን «ተዘግቶ ነበር ወይ?» ብለው ሳይሆን «በዚያ ጊዜ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋ ነበር ወይ? ማን ነበር የሚነፋው?» ብለው ይጠይቋቸው። ሰው ትልቁን ጥያቄ በተለመደ ቃል ይመልስልዎታል፤ ስለ ጥሩምባው ሲጠየቅ ግን ማስታወስ ይጀምራል።

ስለ ገንዘብ ያዡ ባጭሩ፦ ቃለ ጉባኤው የያዘው ክስን እንጂ ፍርድን አይደለም። ቀጣዮቹን ስብሰባዎች አንብበው ነገሩ በምን እንዳለቀ ካላገኙ፣ እድሩ ከዚያ በኋላ የገንዘብ አያያዙን እንዴት እንዳሻሻለ ጽፈው ስሙን ይተዉት። ስለ ቀዩ መስመር ግን ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሰው ይኖራልና ዝም ማለትን መርጫለሁ።

መልስ፦ የኅትመት ሰው

እኔ ለተለያዩ ድርጅቶች የበዓል መጽሔት በማዘጋጀት የምተዳደር ሰው ነኝና ከመምህሩ ጋር ጥቂት እንድለያይ ይፈቀድልኝ። የእድር አባል መጽሐፉን ሲቀበል የሚፈልገው የአባቱን ስምና ፎቶግራፍ ነው። የቀን አቆጣጠር ክርክር ሁለት ገጽ ከወሰደ ሦስተኛውን የሚያነበው የለም። ኮሚቴው ያለውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ መጽሐፉ የሚወጣው በአባላት ገንዘብ ነው።

ይሁንና ከጠቀሷቸው ነገሮች ሁሉ ያስጎመጀኝ የዕቃ ዝርዝሩ ደብተር ነው። ድስት፣ ብርጭቆ፣ አግዳሚ ወንበር ከነቁጥራቸው የተጻፉበት ገጽ ካለ፣ ያንን ገጽ እንዳለ ፎቶ አንስተው ያስገቡት። ሰዎች ቃለ ጉባኤ ዘልለው የዕቃ ዝርዝር ሲያነቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መልስ፦ የሳጥኑ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ሲባጎውን ሳልፈታ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ መዝገቡም ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ለብሶ ተቀምጧል።

መምህር፣ እንደነገሩኝ አደረግሁ። በገቢና ወጪ መዝገቡ ላይ መጋቢት 4 ቀን 1964 «ለድንኳን ግዢ» የሚል ወጪ አለ፤ በኅዳር 1972 ግን ምንም የለም። የደረሰኙ ራስጌ የአስመራ ንግድ ቤት ሲሆን የታተመው በጣሊያንኛና በአማርኛ ነው። ማኅተሙ ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ፤ «ለማኅተም ማስቀረጫ» የሚለው ወጪ የተጻፈው በ1975 ዓ.ም. ጥር ነው። ከደብዳቤዎቹ መካከል አንዱ፣ የቀበሌው አዳራሽ የሚፈቀደው ማኅተም ላላቸው ማኅበራት ብቻ መሆኑን ያሳስባል፤ ቀኑም ከሁለት ወር በፊት ነው። እንግዲህ 1962 የሚለው ቁጥር በ1975 አዳራሽ ለማግኘት ማኅተም ያስቀረጹ ሰዎች ያስታወሱት ዓመት ነው ማለት ነው። ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ የ1964ቱ ቃለ ጉባኤ ራሱ ቀደም ብሎ በቃል ይረዳዱ እንደነበር ይናገራልና።

የከፋዮቹንም ቁጥር በየወሩ ሠንጠረዥ አድርጌ አየሁት። በ1965ም በ1966ም በሐምሌና በነሐሴ ወደ 60ዎቹ ይወርድና ጥቅምት ላይ ይመለሳል። በ1970 ግን መውረድ የሚጀምረው በታኅሣሥ ሲሆን እስከ 1971 አጋማሽ አልተመለሰም። የእጅ ጽሕፈቱም በታኅሣሥ ተቀይሯል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አብሬ እጽፈዋለሁ።

ለኅትመቱ ሰው፦ የ1976 ዓ.ም. የዕቃ ዝርዝር «ትልቅ ድስት የክርስቲያን 2፣ ትልቅ ድስት የእስላም 1» ይላል። ሰብሳቢያችን ይህን ሲያዩ «እሱማ ሁልጊዜም ነበር» አሉ፤ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ሁለት ሃይማኖት ያለው እድር መሆናችን በአንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። ለሁሉም ግልጽ ስለነበረ ይመስለኛል። ገጹን እንደመከሩኝ አስገባዋለሁ።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

ትውልዴ ዘጌ ነው፤ በልጅነቴ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅኔ ስማር አድጌያለሁ። በጣና ገዳማት መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል አልነበረም፤ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የክርክር ውሳኔ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ሰው ሁሉ በሚሳለመው መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈውን ማን ይፍቀዋል? ከጽሑፉ በታች የምስክሮች ስም ይደረደራል፤ የለወጠው ሰው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታከላል። የእናንተም ሦስት ቁልፍ ከዚያው ግዝት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚመረምሩ ሰዎች ከስጦታው ይልቅ የምስክሮቹን ዝርዝር ለረጅም ጊዜ ያያሉ፤ ማን ከማን ቀድሞ ተጻፈ፣ ማን በማን ወገን ቆመ፣ የትኛው ስም በሌላ እጅ በኋላ ተጨመረ እያሉ። እኅቴ፣ የኅዳር 7ቱን ቃለ ጉባኤ ውሳኔውን ነግረውናል፤ የፈረሙትን ሰዎች ግን አልነገሩንም። እነማን ናቸው?

መልስ፦ የሳጥኑ ጸሐፊ

ይህን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ሦስታችን በማግስቱ ተገናኝተን ሳጥኑን ድጋሚ ከፈትን። ፈራሚዎቹ 23 ናቸው። 14ቱ በአውራ ጣት አሻራ ነው የፈረሙት። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ስሞች ሁለቱ ወይዘሮዎች ናቸው፤ የማንም ባለቤት ተብለው ሳይሆን በራሳቸውና በአባታቸው ስም። የአንደኛዋ አሻራ በጣም ጎልቶ ታትሟል፤ ጣቷን ቀለም ውስጥ ጠልቃ የነከረች ይመስላል፣ ዳር ዳሩ ወደ ሌላው ስም ፈስሷል።

ከ1967 ወዲህ ባለው የመዋጮ መዝገብ ሴት አባል ሁሉ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብላ ነው የምትገኘው፤ የራሷ ስም የሚወጣው ባሏ ሞቶ ቦታውን ስትተካ ብቻ ነው። በለቅሶ ቤት ምግብ የሚያበስሉት ሴቶች ደግሞ በመዝገብ የሚገኙት ባልመጡ ቀን፣ በመቀጫ ዝርዝር ነው። እኔ የመጀመሪያዋ ሴት ጸሐፊ መባሌ እውነት ነው። «ሴቶች ወደ እድሩ የመጡት በኋላ ነው» ሲባል የኖረው ግን ከዚህ ገጽ ጋር አይስማማም። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው አሻራውን ብዙ ጊዜ አዩት፤ ምንም አላሉም።

መልስ፦ የድሮ መዝገብ ቤት

ልጄ፣ ስለ ቀዩ መስመር ማንም አልመለሰልሽምና እኔ እመልሳለሁ። በዚያ ዘመን በብዙ ከተሞች በቀይ ሽብር የተገደለ ሰው ቤተሰብ እንዳያለቅስ፣ ድንኳን እንዳይተክል ይከለከል ነበር። እድር ደግሞ ሥራው ድንኳን መትከል ነው። ገንዘብ ያዡ ያንን ስም ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ «ለቀቀ» ብሎ ሊጽፍም ይችል ነበር። «ወጪ የለም» ብሎ መጻፉ፣ ለእኔ በመዝገብ ቤት ለኖርኩት፣ ወጪ ሊኖር ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህ ግን የእኔ ንባብ ነው፤ ሰውየው ከተማውን ለቆ ሄዶም ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። ማተሚያ ቤት ከመሄድሽ በፊት ወደ ቤቱ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። መዝገቡን ይዘሽ አትግቢ፤ መጀመሪያ ሰው ሆነሽ ግቢ።

መልስ፦ የሳጥኑ ጸሐፊ

እትዬ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ባለፈው እሑድ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሄድን። የሰውየው ልጅ ተቀበለችን፤ ቡና አፍልታ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ጉዳያችን አልጠየቀችንም። ከነገርኳት በኋላ ገጹን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ በስልኬ ያነሣሁትን አሳየኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቀዩ መስመር አልነበረም። አባቷ መዋጮውን እስከ ስንት ወር ከፍሎ እንደነበር ነው የጠየቀችኝ። እስከ ታኅሣሥ 1970፣ በየወሩ 1 ብር፣ አንድም ወር ሳያስቀር መክፈሉን ከመዝገቡ አነበብኩላት። «ውዝፍ የለበትም ማለት ነው» አለች። እንዴት እንደሞተ እሷ የነገረችንን እዚህ አልጽፈውም፤ የመጽሐፉም ቦታ አይደለም ብላለች። ስሙና የከፈለባቸው ወራት ግን እንዲገቡ ፈቅዳለች፤ የገጹንም ቅጂ ሰጥቻታለሁ።

የምሥረታውን ነገር በተመለከተ ኮሚቴው ገና አልወሰነም። ሰብሳቢው ሽፋኑ ላይ 1962 እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ እኔም ሽፋኑ ላይ ቢሆን አልቃወምም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ማኅተሙ በ1975 መቀረጹን፣ ድንኳኑ በመጋቢት 1964 መገዛቱንና በኅዳር 7 የፈረሙትን የ23ቱንም ሰዎች ስም እንዳለ ይይዛል። የፈሰሰው አሻራ ያለበት ገጽ ፎቶግራፍ በስተቀኝ ይሆናል። ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ በእጄ ስለሆነ መዝገቡን ይዤ እገባለሁ።